ድንጋዩን በፈላ ውሃ እንዳታጥቢው

ዱባይ ሰው ቤት የምትሠራ እህታችን እንዲህ ስትል ጠይቃኛለች፦ «ሳሎን ውስጥ 300 ሊትር የሚይዝ የባሕር ውሃ አኳሪየም አለ። ይንከባከበው የነበረው ልጅ ሥራ ከለቀቀ ወራት አልፈዋል። መስታወቱ አረንጓዴ ሆኗል፣ ውሃው ቢጫ ነው፣ ድንጋዩ ፀጉር የመሰለ ነገር አብቅሏል። ሦስት ዓሣና ጥቂት ኮራል (ድንጋይ ላይ ተጣብቆ የሚኖር የባሕር እንስሳ) ግን አሁንም በሕይወት አሉ። የጨው መለኪያው 1.031 ይላል። ማዳም ድንጋዩን አውጥተሽ በፈላ ውሃና በበረኪና እጠቢው ብላኛለች። ከየት ልጀምር?»

እህቴ፣ ድንጋዩን አታውጪው። ጥያቄሽን ሳነብ ያስደነገጠኝ የፈላ ውሃው ነው። ድንጋዩ ላይ እንደ ትንንሽ አበባ ክብ ክብ ያሉ፣ ዳራቸው ዙሪያውን አጫጭር ጣት ያወጣ፣ ሲነኳቸው የሚኮማተሩ ነገሮች ካሉ ዞአንቲድ የሚባሉት ናቸው። አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የሚባል እጅግ ኃይለኛ መርዝ አላቸው። ድንጋዩ ሲፈላ ወይም በብሩሽ ሲፈተግ መርዙ በእንፋሎትና በፍንጣቂ ሳንባና ዓይን ውስጥ ይገባል፤ በዚህ ምክንያት ከነቤተሰባቸው ሆስፒታል የገቡ ሰዎች አሉ። ይህን ለማዳምም ንገሪያት። እጅሽን በምታስገቢበት ጊዜ ሁሉ ረጅም ጓንት አድርጊ፣ ዓይንሽን በመነጽር ከልዪ፣ የኤሌክትሪክ ሶኬቶቹንም አስቀድመሽ ንቀዪ።

አሁን ወደ ጨው እንምጣ። ውሃ ይተናል፣ ጨው ግን እዚያው ይቀራል፤ ለወራት የሚሞላለት ሰው ስላጣ ነው 1.031 የደረሰው። መድረስ ያለበት 1.025 ወይም 1.026 ላይ ነው። መጀመሪያ መለኪያው የሚታመን መሆኑን ለዪ፦ ንጹሕ የአርኦ ውሃ (RO፣ በማጣሪያ ጨውና ቆሻሻው የወጣለት ውሃ) ጠብ አድርጊበትና 1.000 ካላሳየ አስተካክዪው። ከዚያ በየቀኑ 10 ሊትር የአኳሪየም ውሃ ቀድተሽ 10 ሊትር የአርኦ ውሃ ጨምሪ። ይህ በቀን ወደ 0.001 ያህል ያወርደዋል፣ በሳምንት ውስጥ ትደርሻለሽ። የቧንቧ ውሃ አይሆንም፤ ክሎሪኑም ከቧንቧ የሚመጣው መዳብም ኮራልና ሽሪምፕ ይገድላል።

ለምን በአንድ ቀን አይሆንም? የተረፉት እንስሳት ያንን መጥፎ ውሃ ለምደው ነው የተረፉት። እኔ የአኳሪየም እንክብካቤ ሥራ በጀመርኩበት ዓመት አንድ ቤት ግማሹን ውሃ በአንዴ ቀይሬ፣ በማግስቱ ስመለስ ወራት ሙሉ ችለው የኖሩት ኮራሎች ሥጋቸው ከአጥንታቸው እየተላጠ አገኘኋቸው። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ጨው ከተስተካከለ በኋላ በሳምንት ሁለት ጊዜ 30 ሊትር አዲስ የጨው ውሃ ቀይሪ። ለአንድ ሊትር 35 ግራም ገደማ የአኳሪየም ጨው በአርኦ ውሃ አሟሚና በትንሽ ፓምፕ ሌሊቱን ይዙር፤ ሙቀቱም 25 ወይም 26 ዲግሪ ይሁን። ድንጋዩ ላይ የበቀለውን ፀጉር የምትነቅዪው ውሃ በምትቀይሪበት ቀን ነው፦ የመቅጃውን ቱቦ አፍ ከጣትሽ ሥር ይዘሽ ንቀዪ፣ የተነቀለው ከውሃው ጋር ይውጣ። አሸዋውን በአንድ ቀን አታገላብጪው። ከታች ጥቁር ሆኖ የተበላሸ እንቁላል ከሸተተ መርዛማ ጋዝ አምቋል ማለት ነው፤ በእያንዳንዱ ቅየራ ከላይ ከላዩ ሩቡን ብቻ በቱቦ ሳቢ።

ፓምፖቹን አንድ በአንድ አውጥተሽ አቼቶና ውሃ ውስጥ አንድ ሰዓት ዘፍዝፊ፤ የተጋገረባቸው ነጭ ነገር ይለቃል። በደንብ አለቅልቀሽ መልሺ።

የውሃውን ቢጫነት የሚያወጣው ካርቦን (ውሃ የሚያጣራ የአኳሪየም ከሰል) ነው፤ ግን ጥቂት ጥቂት አድርጊ። ውሃው ሲጠራ መብራቱ ይበረታል፣ ጨለማ የለመደው ኮራልም ይነጣል። ስለዚህ መብራቱን በግማሽ ቀንሺና በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ጨምሪ። ምግብም በቀን አንዴ፣ ዓሦቹ በሁለት ደቂቃ የሚጨርሱትን ያህል ብቻ።

ለማዳም ሁለት ወር እንደሚፈጅ ንገሪያት። ዛሬውኑ ለውጥ ካላየሁ ካለች፣ የፊት ለፊቱን መስታወት ብቻ በአሮጌ የፕላስቲክ ካርድ ፍቂላት፤ ሳሙናና የመስታወት ማጽጃ ግን በውስጥ በኩል እንዳይነካው።