«ከ12ኛ ክፍል ወዲህ ልብወለድ ጨርሼ አላውቅም፤ ከየቱ ልጀምር?» ላልከው ወንድማችን

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳነብ የራሴን ታሪክ የጻፍክብኝ ነው የመሰለኝ። ሁለት ገጽ ሳትጨርስ እጅህ ወደ ስልክ እንደሚሄድ ነግረኸናል። ከላይ ብዙ ሰው «ስልክህን አጥፋና አንብብ» ብሎሃል። ስልኩን ለጊዜው ተወው። ያንተ ችግር የመጽሐፍ ምርጫ ነው።

1. በታላላቆቹ አትጀምር። ሰው መጽሐፍ ጠቁሙኝ ሲባል የሚጠራው የወደደውን ሳይሆን የሚያስከብረውን ነው። እኔን አንድ የሥራ ባልደረባዬ «አደፍርስን ሳታነቢ አንባቢ ነኝ እንዳትይ» አለኝ። የደራሲው የዳኛቸው ወርቁ አማርኛ ጥልቅ ነው፤ ክብር ይገባዋል። ግን ለዓመታት ምንም ላላነበበ፣ ማታ ከሥራ ደክሞት ለሚገባ ሰው አይታዘዝም። መጽሐፉ ራስጌዬ አቧራ ሲጠጣ ከረመ። እኔም ጭንቅላቴ ዝጓል ብዬ ተቀመጥኩ። ባልደረባዬ ራሱ እስከ ስንተኛው ገጽ እንደዘለቀ ዛሬም እጠራጠራለሁ።

2. ወሬው የሚጎትትህን ያዝ። እኔን ወደ ንባብ የመለሰኝ የሲሳይ ንጉሡ «ሰመመን» ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ፍቅር ነው፤ ቋንቋው ቀላል፣ ነገሩ የምታውቀው። ታክሲ ሰልፍ ላይ እያነበብኩ ተራዬ ደርሶ ሳላየው ከኋላዬ ያሉት ጮኹብኝ። ቀጥሎ የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ»። 2001 ዓ.ም. ከወጣ ጀምሮ አፍንጫውን የሚነፋበት አንባቢ አልጠፋም። ይንፋ። የጣና ገዳማት፣ ሰላዮች፣ ሳይንቲስቶች፤ ሌሊቱን ሳልተኛ ነው የጨረስኩት።

3. መጽሐፉን ሳታገላብጥ ብር አትክፈል። እዚህ ላይ ሆዴ እስካሁን ያርራል።

የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» ከአንድ የመንገድ ዳር ሻጭ ገዛሁ። ሽፋኑ ያብረቀርቃል። ጋዜጠኛው ጸጋዬ አስመራ ገብቶ፣ ፍቅሩም ጦርነቱም ተጋግሎ፣ ልቤ ተንጠልጥሎ ገጽ ስገልጥ ቀጣዩ የለም! ዘልሎ የጀርባ ሽፋን። መጽሐፍ ሲታተም ትልቅ ወረቀት እየታጠፈ ብዙ ጊዜ 16 ገጽ ስለሚወጣው፣ ሲጎድል አንድ ቅጠል ብቻ አይጎድልም፤ እጥፉ እንዳለ ይሄዳል። በማግስቱ ይዤው ሄድኩ። ሰውዬው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «የኔ እናት፣ እኔ ሸጥኩልሽ እንጂ አልጻፍኩልሽም» አለኝ። ለውጥልኝ ብለው «ካነበብሽው በኋላ ነው የምትመልሺው?» ብሎ ሰው ሰበሰበብኝ። መጽሐፉ በ1975 ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰብስቧል። ሰው በድብቅ እየተቀባበለ ነው ያነበበው። በዓሉ ግርማ ራሱ በ1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ያን ሁሉ አልፎ እኔ ጋ የደረሰ ታሪክ መጨረሻውን ኮፒ አድራጊ ይብላው?

ስለዚህ ሻጩ ፊቱን ቢያጠቁርም ቆመህ የገጽ ቁጥሩን ተከታተል። ቀለሙ የደበዘዘ፣ ዳርና ዳሩ የተቆረጠ ጽሑፍ ካየህ በኮፒ የተባዛ ነው፤ መልስለት። የጎደለኝን በስተመጨረሻ አጎቴ ቤት ካለው አሮጌ ቅጂ አነበብኩት። ምሳ ቀርቦ እየጠሩኝ፣ መደርደሪያው ሥር እንደቆምኩ።

የምክሬን ተራ ቁጥር ረሳሁት። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ግን ጨርሻለሁ፤ ይሄን ስናገር ትንሽ ብኮራ ይቅር በሉኝ። ከ500 ገጽ በላይ ነው። በዛብህና ሰብለወንጌል እስኪገናኙ ደግሞ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ብዙ ሰው የሚያቆመው እዚያ ነው። መላው ቀላል ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከው ዩቲዩብ ላይ አለ። የመጀመሪያውን ክፍል ሽንኩርት እየከተፍክም ልብስ እያጠብክም ስማው፤ ከዚያ መጽሐፉን ያዝ። ጉዱ ካሳ ሲናገር የወጋየሁ ድምፅ ጆሮህ ውስጥ ይቀራል።

ፒዲኤፍ በቴሌግራም ላኩልኝ ላልከው ግን እኔ አልልክም። ያው ስልኩ ላይ ልታነብ ነው፣ ከላይ የቲክቶክ ማሳወቂያ እየወረደብህ። ደራሲዎቹም ሳንቲም አያገኙበትም። ብር ካጠረህ አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ግባ። አለዚያ «ሰመመን»ን እኔ አውስሃለሁ። ገጽ የምታጥፍ ዓይነት ሰው ከሆንክ ግን ከአሁኑ ንገረኝ።