ለቀበሌ የእውቀት ማዕከል ገንዘብ ከየት ይገኛል?

ጥያቄያችሁ፣ በትውልድ ቀበሌያችሁ አርሶ አደሩ ስለ አፈር ጥበቃ፣ ስለ ችግኝና ስለ አየር ንብረት የሚማርበት ማዕከል ለመሥራት ማን ገንዘብ ይሰጠናል የሚል ነው። ከሁሉ በፊት አደራ፣ አዲስ ቤት አትሥሩ። በአብዛኛው ቀበሌ የአርሶ አደር ማሰልጠኛ ማዕከል አለ፤ የሰብል፣ የእንስሳትና የተፈጥሮ ሀብት የልማት ሠራተኞችና የሠርቶ ማሳያ መሬት የተመደቡለት። ብዙው ተዘግቶ የሚውለው ግድግዳ ስላጣ ሳይሆን የዘር፣ የወረቀትና የጥገና በጀት ስለሌለው ነው። የምትለምኑት ገንዘብ ለዚህ ይሁን።

ቀጥሎ ከወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ጋር በማኅተም የተረጋገጠ ስምምነት ያዙ። የሠርቶ ማሳያው ምርትና የችግኝ ሽያጭ ገቢ በማዕከሉ ሂሳብ እንደሚቀር፣ ዕቃው የማን ንብረት እንደሆነ፣ ቁልፉን ማን እንደሚይዝ በግልጽ ይጻፍበት። ይህ ካልተጻፈ ኃላፊ በተቀየረ ማግስት ላፕቶፑ ወረዳ ይገባል፣ ገቢውም ፈሰስ ይደረጋል።

ለዚህ ሥራ በልክ የተሰፋው ምንጭ የዓለም አቀፉ የአካባቢ ፋሲሊቲ (GEF፣ ለአካባቢ ጥበቃ ገንዘብ የሚሰጥ ተቋም) የአነስተኛ ድጋፍ ፕሮግራም ነው። በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም በኩል ይሠራል፣ ለማኅበረሰብ ድርጅቶች በቀጥታ ይሰጣል፤ ለአንድ ፕሮጀክት ጣሪያው ለረጅም ዓመታት 50,000 ዶላር ነበር። ክፍያው በዙር ስለሆነ ከውጭ የሚገባውን ዕቃ በመጀመሪያው ዙር ግዙ፤ ምንዛሪ ሲንቀሳቀስ በብር የያዛችሁት በጀት አይበቃም። የራሳችሁን ድርሻም ይጠይቃል፤ ጉልበት ይቆጠራል። 60 ሰው 20 ቀን እርከን ቢሠራ 1,200 የሰው ቀን ነው፤ በአካባቢው የቀን ሂሳብ አባዙት። የየዕለቱ የፊርማ ወረቀት ከሌለ ግን ማንም አይቀበላችሁም።

ማመልከቻ በብዛት የሚወድቀው «ለ500 ሰዎች ግንዛቤ እናስጨብጣለን» ብሎ ሲያበቃ ነው። ስንት ሄክታር ታጠረ፣ ስንት ችግኝ ጸደቀ የሚለውን ጻፉ። በሐምሌ የተተከለው በመስከረም ሲቆጠር ሁሉም ለምለም ነው፤ እውነተኛው ቆጠራ በጋውን ካሳለፈ በኋላ በግንቦት የሚደረገው ነው። በየአሥረኛው ረድፍ ያለውን ብቻ ብትቆጥሩ ይበቃል።

መብራት ለሌለበት ቀበሌ የፀሐይ ኃይሉን በስሌት ግዙ። 40 ዋት የሚወስዱ 4 ላፕቶፖች ለ5 ሰዓት 800 ዋት-ሰዓት ይፈልጋሉ፤ አምፖልና ያለ ኢንተርኔት መጻሕፍትና ቪዲዮ የሚያሰራጭ ትንሽ ሰርቨር ሲጨመር ወደ 1,000 ይጠጋል። ለዚህ 300 ዋት ፓነል፣ እንዲሁም 12 ቮልት 200 አምፔር-ሰዓት የሊድ ባትሪ ያስፈልጋል፤ ሊድ ከግማሽ በታች ከወረደ ዕድሜው ያጥራልና የ100ው አይበቃም። ባትሪውን የሚገድለው ግን ሌላ ነው፤ ማታ ሞባይል ለመሙላት ሰው ገመዱን ከመቆጣጠሪያው (የባትሪውን መሙላትና መውረድ ከሚቆጣጠረው ዕቃ) አልፎ በቀጥታ ባትሪው ላይ ይቀጥላል። መቆጣጠሪያው የባትሪው ኃይል ሲያንስ መብራቱን የሚቆርጠው ባትሪውን ሊያድን ነው። ባትሪውን የሚቆለፍ ሳጥን ውስጥ አስቀምጡ፤ የሞባይል መሙያውን ደግሞ በትንሽ ክፍያ ሕጋዊ አድርጉትና ገንዘቡን ለባትሪ መተኪያ ለብቻው አጠራቅሙ።

አመልካቹ ሕጋዊ ሰውነት ይኑረው። በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 የተመዘገበ ድርጅት ከሆነ የአስተዳደር ወጪው ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ የጥበቃና የትራንስፖርት ወጪን የት እንደምትመድቡ ከሂሳብ ባለሙያ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

የካርበን ገንዘብም፣ ማለትም ዛፍ ከአየር ለሚያስቀረው ካርበን የሚከፈለው፣ ሳይነሳ አይቀርም። ወላይታ ውስጥ በሁምቦ 2,728 ሄክታር ተራራ አገግሞ የካርበን ክፍያ ለኅብረት ሥራ ማኅበራቱ ደርሷል፤ የሆነው ግን ማኅበራቱ በመሬቱ ላይ ሕጋዊ የመጠቀም መብት ስለያዙ ነው። ከማዕከል ግቢ ብቻ የሚገኘው ግን የካርበኑን መጠን የማረጋገጫውን ወጪ እንኳ አይሸፍንም። ወረዳችሁ ውስጥ የይዞታ ሰነድ ያለው የደን ኅብረት ሥራ ማኅበር ካለ ግን አመልካቹ እሱ ይሁን፤ ማዕከሉ የሥልጠና ክፍሉ ሆኖ ይግባ።