ራውተሩን ከቁም ሣጥኑ ውስጥ አውጡት፦ ስለ ቤት ዋይፋይ ጥያቄና መልስ

የቤት ኮምፒውተሮችን ያለ ገመድ ስለማገናኘት የሚጠየቅ ካለ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ የመጣው ከጠበቅሁት በላይ ሆነ። የተመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ። ከሰው ቤት ሰው ቤት እየዞርሁ ይህን ሥራ ስሠራ የታዘብሁት አንድ ነገር አለ፦ «ኢንተርኔት የለም» ብለው ከሚጠሩኝ ሰዎች ብዙዎቹ ኢንተርኔት አላቸው። የጎደላቸው ከኮምፒውተራቸው እስከ ራውተራቸው፣ ማለትም ከውጭ የመጣውን መስመር ለቤቱ እስከሚያከፋፍለው ሣጥን ያለው አሥር ሜትር ነው።

ጥያቄ፦ አዲስ ራውተር ገዝቻለሁ። ቤት ውስጥ ሁለት ላፕቶፕና አንድ ዴስክቶፕ አለ። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ በገመድ ይጀምሩ። ዋይፋይ ለመዘርጋት ገመድ አምጡ ማለቴ ሊያስቅዎ ይችላል፤ ነገር ግን በዋይፋይ ገብተው የዋይፋዩን ስም ሲለውጡ ግንኙነቱ እዚያው ይቋረጥና ሥራው በመሀል ይቀራል። ከራውተሩ ጀርባ ካሉት ቀዳዳዎች አንዱ አብዛኛውን ጊዜ ከሌሎቹ የተለየ ቀለም አለው፤ እሱ ከውጭ ለሚመጣው መስመር ነው። የቀሩት ለቤቱ ኮምፒውተሮች ናቸው። አንዱን ኮምፒውተር ከእነዚህ በአንዱ ይሰኩና ራውተሩን ገልብጠው ከሥሩ የተለጠፈችውን ወረቀት ያንብቡ። የመግቢያው አድራሻ እዚያ ላይ ተጽፏል፤ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 ነው። ይህን ቁጥር በብሮውዘሩ የአድራሻ ቦታ ሲጽፉ የራውተሩ ማስተካከያ ገጽ ይከፈታል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይደናገራል፤ የይለፍ ቃሉ አንድ ሳይሆን ሁለት ነውና። አንደኛው ወደ ማስተካከያው ገጽ የሚያስገባው ነው። ሌላው ዋይፋዩን ለመጠቀም የሚያስፈልገው፣ ለእንግዳም የሚነገረው ነው። ሁለተኛውን ለውጦ የመጀመሪያውን ከፋብሪካ እንደመጣ የሚተው ሰው የሳሎኑን በር ቆልፎ የጓዳውን ክፍት እንዳሳደረ ነው። ሁለቱንም ይለውጡ። ዋይፋዩን ከሚቆልፉት የደኅንነት ዓይነቶች ደብሊውፒኤ3 (WPA3) ካለ እሱን፣ ከሌለ ደብሊውፒኤ2ን ይምረጡ። ዌፕ የሚባለውን አሮጌ ዓይነት ካዩ ዝም ብለው ይለፉት፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ነው የተሰበረው። የዋይፋዩ የይለፍ ቃል ከ8 እስከ 63 ፊደል መሆን ይችላል። እኔ የማይዛመዱ አራት ቃላትን ገጣጥሜ እጽፋለሁ፤ ለማስታወስ ቀላል፣ ለመገመት ከባድ ነው።

ጥያቄ፦ ላፕቶፔ የዋይፋዩን ምልክት ሙሉ አድርጎ ያሳያል፤ ገጽ ግን አንድም አይከፍትም። ምልክቱ እየዋሸኝ ነው?

መልስ፦ አልዋሸም፤ እርስዎ ያልጠየቁትን ነው የመለሰልዎት። ያ ምልክት የሚለካው በላፕቶፑና በራውተሩ መካከል ያለውን የሬዲዮ ጥንካሬ ብቻ ነው። ራውተሩ ከውጭ ጋር ይገናኝ አይገናኝ አይመለከተውም። ስለዚህ መንገዱን ለሁለት ይክፈሉት። መጀመሪያ በኮምፒውተሩ የኔትወርክ ዝርዝር ውስጥ ገብተው የአይፒ አድራሻውን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ በኔትወርኩ ላይ የሚታወቅበትን ቁጥር ይመልከቱ። በ169.254 የሚጀምር ከሆነ ኮምፒውተሩ አድራሻ ጠይቆ የሚሰጠው አጥቷል፤ ቁጥሩን ያወጣው ለራሱ ነው። ይህ ሲያጋጥም ኔትወርኩን ከኮምፒውተሩ ላይ ሰርዘው እንደ አዲስ ይገናኙ፤ እምቢ ካለ ራውተሩን አጥፍተው ያብሩት። አድራሻው ደኅና ከሆነ ደግሞ የራውተሩን ማስተካከያ ገጽ ይክፈቱ። እሱ ከተከፈተ የቤትዎ መንገድ ሰላም ነው፤ ብልሽቱ ከራውተሩ ወዲያ ሊሆን ስለሚችል አገልግሎት ሰጪዎን ይጠይቁ።

«ሊሆን ስለሚችል» ያልሁት በምክንያት ነው። አንድ ጊዜ ይህ ሁሉ ደኅና ሆኖ ግማሽ ቀን የፈጀብኝ አሮጌ ዴስክቶፕ ነበር። የቤቱ ሌሎች ኮምፒውተሮች ይሠራሉ፤ እሱ ግን ገጽ ክፈት ባሉት ቁጥር የደኅንነት ማስጠንቀቂያ ያወጣል። ከዋይፋይ የሚያገናኘውን አስማሚ ነቀልሁ፣ ሶፍትዌሩን አጥፍቼ ጫንሁ፣ ላቤ ጠብ እስኪል ደከምሁ። በመጨረሻ ዓይኔ በስክሪኑ ጥግ ካለው ቀን ላይ አረፈ፤ ከአሥር ዓመት በላይ ወደ ኋላ ተመልሷል። በማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሳንቲም የምታህል ባትሪ አልቃ ኖሮ፣ ኮምፒውተሩ ከመብራት በተነቀለ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ፋብሪካው ቀን ይመለሳል። ድረ ገጾች ማንነታቸውን የሚያረጋግጡበት ምስክር ወረቀት «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን» የሚል ገደብ አለው፤ ለዚያ ኮምፒውተር ሁሉም ገና ያልወጡ ወረቀቶች ነበሩ። ባትሪዋ ስትለወጥ ነገሩ አበቃ።

ጥያቄ፦ ራውተሩን የት ላስቀምጠው? ባለቤቴ መልኩ ስላላማራት ቁም ሣጥን ውስጥ አስገብታዋለች።

መልስ፦ እዚህ ላይ ከባለቤትዎ ጋር ላጣላዎት አልፈልግም፤ ግን ያውጡት። ውድ ራውተር በመጥፎ ቦታ ከሚቀመጥ ርካሹ በጥሩ ቦታ ቢቀመጥ ይሻላል። ጥሩ ቦታ ማለት ለቤቱ መሀል የቀረበ፣ ከወለል ከፍ ያለና ዙሪያው ክፍት የሆነ ነው። እንጨትና ቀጭን ግድግዳ ሞገዱን ብዙ አይጎዱትም። የሚጎዱት ብረት፣ ብረት የታሰረበት ኮንክሪትና ውኃ ናቸው። ትልቅ መስታወት እንዲያው ሲያዩት ምንም አይመስልም፤ ከጀርባው የተቀባው ስስ ብረት ግን ብርሃኑን እንደሚመልስ ሁሉ ሞገዱንም ይመልሳል። የዓሣ ማስቀመጫ ገንዳም እንዲሁ ነው፤ ውኃው የሞገዱን ጉልበት ይውጣል።

አንቴናውን በተመለከተ፣ ሰዎች ጫፉን እንደ ጠመንጃ ወደ ኮምፒውተራቸው ያነጣጥራሉ። ሞገዱ ግን ከጫፉ አይወጣም። አንቴናውን መሀሉ ላይ የተሰካ ዘንግ፣ ሞገዱን ደግሞ በዙሪያው እንደተነፋ የመኪና ጎማ አድርገው ያስቡት። ቀጥ ብሎ የቆመ አንቴና በአንድ ፎቅ ላይ ወደ ጎን በደንብ ይደርሳል፤ ከላዩና ከሥሩ ደካማ ነው። ፎቅ ቤት ከሆነ ከሁለቱ አንቴናዎች አንዱን ያጋድሙት።

በግምት ከመሄድ መለካት ይሻላል። ስልክ ላይ የሚጫኑ የዋይፋይ መለኪያዎች ጥንካሬውን በዲቢኤም ይናገራሉ፤ ቁጥሩ ከዜሮ በታች ስለሆነ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ጥሩ ነው። ከዜሮ በታች 50 ግሩም ነው። 70 ሲደርስ ቪዲዮ መቆራረጥ ሊጀምር ይችላል፤ ከ80 ወዲያ ግንኙነቱ የስም ነው። በየ3 ዲቢው ጉልበቱ በግማሽ ይቀንሳል። ከ50 ወደ 70 መውረድ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ የሚደርስዎት ግን አንድ መቶኛው ነው። ስልኩን ይዘው ከክፍል ክፍል ይዙሩ፣ ራውተሩን አንድ ሜትር ያንቀሳቅሱ፣ እንደገና ይዙሩ። ቁም ሣጥኑን ከፍተውና ዘግተው ቢያሳዩአቸው ባለቤትዎም በቁጥሩ ያምናሉ።

ጥያቄ፦ ራውተሬ ሁለት የዋይፋይ ስም ያወጣል፤ አንዱ መጨረሻው ላይ 5 አለው። የትኛውን ልያዝ?

መልስ፦ አንዱ በ2.4፣ ሌላው በ5 ጊጋኸርትዝ የሬዲዮ ሞገድ የሚሠራ ነው። ባለ5ቱ ፈጣን ነው፤ ግድግዳ ላይ ግን ቶሎ ይደክማል። ባለ2.4ቱ ሩቅ ይሄዳል፤ ነገር ግን መንገዱ የተጨናነቀ ነው። ብሉቱዝ፣ ገመድ አልባ ማውስና የጎረቤት ዋይፋይ ሁሉ እዚያው ይጋፋሉ። ማይክሮዌቭ ምድጃ ራሱ በ2.45 ጊጋኸርትዝ ስለሚሠራ ምግብ በሚሞቅበት ሰዓት ብቻ የሚቋረጥ ዋይፋይ አይቻለሁ። ላፕቶፕዎ ከራውተሩ ጋር አንድ ክፍል ወይም ጎረቤት ክፍል ከሆነ 5ን ይያዙ። 2.4 ላይ መቆየት ካለብዎት ቻናሉን 1፣ 6 ወይም 11 ያድርጉት፤ አንዱ የሌላውን ወሰን የማይነኩት እነዚህ ሦስቱ ናቸው። 3 ወይም 8 ላይ የሚያደርግ ሰው ተንኮለኛ ባይሆንም ግራና ቀኙን ያውካል።

አዲስ ፕሪንተር ገዝተው «ዋይፋዩን አላይም» ቢልዎትም መልሱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው፤ 2.4ን ብቻ የሚያውቁ ፕሪንተሮች ሞልተዋል።

ጥያቄ፦ የተዋዋልሁት 100 ሜጋ ነው፤ ፋይል ሳወርድ 12 ብቻ ያሳየኛል። ተታልያለሁ?

መልስ፦ አልተታለሉም። ውሉ በሜጋቢት፣ የማውረጃው ቁጥር በሜጋባይት ነው። 8 ቢት አንድ ባይት ነው፤ 100ን ለ8 ያካፍሉ።

ጥያቄ፦ ዋይፋዩ መኝታ ክፍሉ ድረስ አልደርስ ብሎኛል። ሪፒተር ልግዛ ወይስ ያለኝ አሮጌ ራውተር ያገለግላል?

መልስ፦ ወደዚያ ክፍል ገመድ መዘርጋት ከቻሉ አሮጌው ራውተር ይበልጣል። ርካሽ ሪፒተር የሚሰማውም የሚናገረውም በአንድ ሬዲዮ ነው። እያንዳንዱን መልእክት ሰምቶ ይደግመዋል፤ ስለዚህ ፍጥነቱ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ይባስ ብሎም ሰዎች የሚሰኩት ምልክቱ የሞተበት ቦታ ላይ ነው። ያልሰማውን ምን ብሎ ይድገመው? መሆን ያለበት ምልክቱ ገና ጥሩ በሆነበት መሀል መንገድ ላይ ነው።

አሮጌውን ራውተር ለዚህ ለማዋል ግን ሦስት ነገር አይርሱ። አድራሻውን ከዋናው የተለየ ያድርጉ፤ ዋናው 192.168.1.1 ከሆነ እሱን 192.168.1.2 ይበሉት። ዲኤችሲፒን፣ ማለትም አድራሻ የማደሉን ሥራ ያጥፉበት፤ በአንድ ቤት ሁለት አዳይ ካለ ኮምፒውተሮቹ ከማን እንደሚቀበሉ ግራ ይገባቸዋል። ገመዱንም ለብቻው ቀለም ባለው ቀዳዳ ሳይሆን ከሌሎቹ በአንዱ ይሰኩ። ይህን ሦስተኛውን ረስቼ አንድ ቀን ሙሉ ፕሪንተር የፈለግሁበት ጊዜ ስላለ ነው አጥብቄ የምናገረው፤ ፕሪንተሩና ላፕቶፑ ሳላውቅ ሁለት የተለያዩ ኔትወርኮች ላይ ነበሩ። ስሙንና የይለፍ ቃሉን ከዋናው ጋር አንድ ካደረጉት ላፕቶፑ ከክፍል ክፍል ሲዘዋወር ራሱ ይለዋውጣል።

ጥያቄ፦ ሁለቱም ኮምፒውተሮች ኢንተርኔት ያገኛሉ፤ እርስ በርስ ግን አይተያዩም። ፎልደር ማጋራት አልቻልሁም።

መልስ፦ መጀመሪያ አንዱ ለእንግዶች በተከፈተው ዋይፋይ ላይ እንዳይሆን ያረጋግጡ። ያ ኔትወርክ የተሠራው እንግዳው ኢንተርኔት እንዲያገኝ፣ የቤቱን ኮምፒውተር ግን እንዳያይ ነው። ቀጥሎ በዊንዶውስ የኔትወርክ ማስተካከያ ውስጥ ግንኙነቱ «የሕዝብ» ተብሎ ከተመዘገበ ወደ «የግል» ይለውጡት። የሕዝብ ሲባል ኮምፒውተሩ እንደ መንገደኛ ራሱን ይሸሽጋል። ሆምግሩፕ የሚባለውን የሚያስተምሩ አሮጌ መመሪያዎች ላይ ጊዜዎን አያጥፉ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ከዊንዶውስ 10 ወጥቷል። አሁን ፎልደሩን በቀኝ ክሊክ ማጋራትና በሌላኛው ኮምፒውተር የመጀመሪያውን የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ማስገባት ነው። የይለፍ ቃል የሌለው አካውንት እዚህ ላይ ያስቸግራል፤ ያውጡለት።

ጥያቄ፦ የዋይፋዬን ስም ብደብቀው ከሰርጎ ገቦች እድናለሁ?

መልስ፦ አይድኑም። ስሙን ሲደብቁት ላፕቶፕዎና ስልክዎ በሄዱበት ሁሉ ያንን ስም እየጠሩ መፈለግ ይጀምራሉ፤ ዝም ያሰኙት አንድ ራውተር ነበር፣ አሁን የሚጮኹት ብዙ ሆኑ። ይልቅስ ደብሊውፒኤስ (WPS) የሚባለውን፣ በይለፍ ቃሉ ፈንታ በባለስምንት አሃዝ ፒን የሚያስገባውን መግቢያ ያጥፉ። 100 ሚሊዮን አማራጭ ያለው ይመስላል። ነገር ግን ራውተሩ የመጀመሪያዎቹን አራት አሃዞች ለብቻ መርምሮ መልስ ይሰጣል፤ የመጨረሻውም አሃዝ ከሌሎቹ ተሰልቶ የሚገኝ ነው። ስለዚህ ሙከራው ወደ 11,000 ይወርዳል፤ ይህ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው።

ጥያቄ፦ ጎረቤቴ በእኔ ዋይፋይ እየተጠቀመ ይመስለኛል። የማላውቀው መሣሪያ በዝርዝሩ ውስጥ አለ።

መልስ፦ ከመጣላትዎ በፊት ቴሌቪዥኑን ያጥፉና ዝርዝሩን እንደገና ይመልከቱ። እንዲህ ተብዬ ሄጄ ካገኘኋቸው «ሌቦች» ብዙዎቹ የቤቱ ቴሌቪዥን ወይም የልጅ ታብሌት ነበሩ። አዳዲስ ስልኮች ደግሞ ለግል ሕይወት ጥበቃ ሲባል የማክ አድራሻቸውን፣ ማለትም በኔትወርክ ላይ የሚለዩበትን መለያ ቁጥር ስለሚቀያይሩ አንዱ ስልክ እንደ እንግዳ ሰው ሊታይ ይችላል። ጥርጣሬው ካልለቀቀዎት የይለፍ ቃሉን ይለውጡ፤ ጎረቤትዎን ሰላም ይበሉ።

ጥያቄ፦ ዴስክቶፔ ዩኤስቢ ላይ በሚሰካ ትንሽ የዋይፋይ አስማሚ ነው የሚሠራው። የውጭ ሃርድ ዲስክ ስሰካ ፍጥነቱ ይሞታል። የሚያስቅ ነገር ነው የምጠይቀው?

መልስ፦ አያስቅም፤ ከሁሉም የወደድሁት ጥያቄ ነው። ዩኤስቢ 3 ሥራ ላይ ሲሆን በ2.4 ጊጋኸርትዝ አካባቢ የሬዲዮ ጫጫታ ያወጣል፤ አስማሚዎ ደግሞ ከዲስኩ መሰኪያ ሁለት ጣት ርቀት ላይ ተቀምጦ ሩቅ ያለ ራውተር ለመስማት ይታገላል። በዚያ ላይ ከኮምፒውተሩ ጀርባ የተሰካ ከሆነ የብረት ሳጥኑም ይጋርደዋል። አንድ ሜትር የዩኤስቢ ማራዘሚያ ገመድ ያግኙና አስማሚውን ወደ ጠረጴዛው ላይ ያውጡት፤ 5 ጊጋኸርትዝ የሚያውቅ ከሆነም ወደዚያ ያዛውሩት። ደግሞም ዴስክቶፕ ከቦታው የማይነቃነቅ ዕቃ ነው። እስከ 100 ሜትር ድረስ አንድ የኔትወርክ ገመድ ያለ ምንም ተጨማሪ መሣሪያ ያደርሳል። በግድግዳው ጥግ ገመዱን ዘርግተው አየሩን ለላፕቶፖቹ ይልቀቁላቸው።