ካምቢዮዋ ጠዋት ጠዋት ክርርር ትላለች

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ የ1990 ሞዴል ማንዋል ኮሮላ አለችኝ። ካምቢዮዋ ትንሽ ድምፅ ስታሰማ አንዱ መካኒክ "ወፈር ያለ ይሻላታል" ብሎ 140 ዘይት ሞላልኝ፣ ድምፁማ ቀነሰ፣ ግን አሁን ጠዋት ሁለተኛ ማርሽ ሳስገባ ክርርር ትልና እምቢ ትለኛለች፣ ስትሞቅ ይተዋታል። ካምቢዮ ላስወርድ እንዴ?

መልስ፦ ኧረ ቆይ ወንድሜ፣ ለማስወረድ አትቸኩል! 140 እኮ ለከባድ መኪና ዲፈረንሻል የሚሆን ነው፣ በአዲስ አበባ የጠዋት ብርድ እንደ ማር ይወፍራል፣ ሲንክሮው (ማርሽ ስታስገባ የሚይዘው የነሐስ ቀለበት) ደግሞ ዘይቱን ገፍቶ ካልያዘ የማርሾቹን ፍጥነት እኩል ማድረግ አይችልም፣ ክርርሩ ከዛ ነው የሚመጣው። ድምፁ የቀነሰውም ስለታፈነ እንጂ ስለዳነች አይደለም። 75ደብሊው-90 የሚባለውን ቀጠን ያለ ዘይት ግዛ፣ ጀሪካኑ ላይ ጂኤል-4 የሚል ፈልግ፤ ጂኤል-5 ብቻ የሚለው በዋናነት ለዲፈረንሻል ስለሆነ ለሲንክሮ ያዳልጣል፣ አንዳንዱም ነሐሱን ይበላል። ወደ 2 ሊትር ተኩል ይበቃሃል።

15 ደቂቃ ያህል ነድተህ አሙቃት፣ ደልዳላ ቦታ አቁማትና መጀመሪያ የመሙያውን ታፖ ፍታ። እሱ እምቢ ካለህ የታችኛውን፣ የማፍሰሻውን፣ እንዳትነካ፣ ባዶ ካምቢዮ ይዘህ ትቀራለህ (እኔ አንዴ ቅዳሜ ማታ ደርሶብኛል፣ ሰኞ ድረስ በታክሲ)። ስትሞላ ከመሙያው አፍ መንጠብ ሲጀምር በቃ። በወጣው ዘይት ውስጥ ደቃቅ ጥቁር ዝቃጭ ብታይ አትደንግጥ፣ የጥርስ ስብርባሪ ካገኘህ ግን ያኔ ትወርዳለች። ሪቨርስም ሞተር እየሠራ የሚንጫጫ ከሆነ ቀድመህ ፍሪሲዮኑን አሳይ።