ልባሱ ጠጣር ሆኖ ሳለ ለምን ቶሎ ያልቃል?

ጥያቄዎን ባጭሩ ልድገመው። አሸዋ የሚገፋ ጠመዝማዛ የማጓጓዣ ክንፍ በሌዘር አልብሰዋል፤ ማለትም የብረት ዱቄት በሌዘር አቅልጠው በላዩ ላይ ጠጣር ሽፋን ሠርተዋል። ዱቄቱ በክብደት 60 በመቶ ታንግስተን ካርባይድ (የታንግስተንና የካርቦን ውህድ የሆነ በጣም ጠጣር ፍሬ) ሲሆን ቀሪው፣ ፍሬዎቹን የሚያያይዘው፣ ክሮሚየም፣ ቦሮንና ሲሊከን ያለበት ኒኬል ነው። የጠጣርነት መለኪያው በሮክዌል 62 አሳይቷል። ሆኖም ልባሱ በየሁለት ሴንቲ ሜትሩ ተሰንጥቋል፣ ካሰቡት ጊዜ በፊትም ተበልቶ አልቋል። እንዳይላቀቅ ብለው የሌዘሩን ኃይል ከፍ እንዳደረጉ ጽፈዋል፤ ነገሩ የተበላሸው እዚያ ላይ ይመስለኛል።

በ62 ቁጥር አይጽናኑ። ቪከርስ ወደሚባለው ሌላ የጠጣርነት መለኪያ ሲቀየር 750 ገደማ ነው፤ የኳርትዝ አሸዋ ግን 1,100 አካባቢ ይደርሳል። ስለዚህ አሸዋው ማያያዣውን ብረት ያለ ችግር ይቧጥጠዋል። አሸዋውን የሚያሸንፈው ጠጣርነቱ ከ2,000 የሚበልጠው የካርባይድ ፍሬ ብቻ ነው፤ እርሱም ሙሉ ሆኖ ከቆየ። ካርባይዱ እንዲጠፋ የራሱ መቅለጫ ሙቀት ላይ መድረስ አያስፈልገውም። ጨው በውኃ እንደሚሟሟ በቀለጠው ኒኬል ውስጥ ይሟሟል። የሟሟው ታንግስተንና ካርቦን ማያያዣውን ጠጣርና ተሰባሪ ያደርገዋል፤ መለኪያዎ ከፍ ያለ ቁጥር ያሳየበት አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል።

ከክንፉ ጫፍ ትንሽ ቁራጭ ቆርጠው የተቆረጠውን ጎን በአልማዝ ያለስልሱና በማይክሮስኮፕ ይመልከቱት። ይህን ሳያዩ ምንም አይቀይሩ። በጤነኛ ልባስ ውስጥ የፍሬዎቹ ጠርዝ ጥርት ብሎ ይታያል። ከመጠን በላይ በሞቀው ላይ ግን ጠርዛቸው ተበልቶ፣ ዙሪያቸውን የመርፌና የላባ ቅርጽ ያላቸው ቅንጣቶች ከብበዋቸው ያገኛሉ። የላይኛው ክፍል ባዶ ሆኖ ፍሬዎቹ ከታች ከታጨቁ ደግሞ ሰምጠዋል ማለት ነው፤ ካርባይዱ ከኒኬሉ እጥፍ ያህል ይከብዳልና፣ ቅልጡ (ሌዘሩ ያቀለጠው ብረት) ትልቅ ሆኖ ለመርጋት ከዘገየ ወደ ታች ይወርዳል።

መፍትሔው ኃይሉን መቀነስ ወይም ፍጥነቱን መጨመር ነው። ቅልጡ ትንሽና ጥልቀት የሌለው ይሁን፤ የታችኛው ብረት ከልባሱ ጋር የሚቀላቀለው መጠን ከ5 በመቶ ባይበልጥ ጥሩ ነው። ልባሱ እንዲይዝ ስስ ሆኖ የቀለጠ ድንበር ይበቃዋል፤ ጥልቀት ጥንካሬ አይጨምርለትም። ሥራው እየረዘመ ሲሄድ ክንፉ ራሱ ስለሚሞቅ በመጀመሪያው መስመር ትክክል የነበረው ኃይል በአሥረኛው ይበዛል፤ በየመሐሉ ዝቅ ያድርጉት።

ወደ ቲታኒየም ካርባይድ ልቀይር ወይ ላሉት፣ እኔ አሁን አልመክርም። ቀላል ስለሆነ አይሰምጥም፣ ነገር ግን ወደ ላይ ሊንሳፈፍ ይችላል፤ ሙቀቱም ካልተስተካከለ እርሱም ይጎዳል። ይልቅ ማያያዣውን ክሮሚየም ወደሌለው፣ ሮክዌሉ 40 አካባቢ ወደሆነ ለስላሳ ኒኬል ይለውጡ። ፍሬውን አቅፎ የሚይዘው እንዲህ ያለው ነው።

ስንጥቁን በተመለከተ፣ ካርባይዱ ሲቀዘቅዝ የሚኮማተረው ከኒኬሉ በግማሽ እንኳ ያነሰ ስለሆነ ውጥረቱ የማይቀር ነው። ከመሥራትዎ በፊት ክንፉን ያሙቁት፤ መካከለኛ ካርቦን ላለው ክሮሚየም ሞሊብዲነም ብረት 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ጥሩ መነሻ ነው። ሲጨርሱም በሙቀት መከላከያ ጠቅልለው ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ ያድርጉ። ቀጭን ስንጥቅ ቢቀር፣ ክንፉን የሚበላው አሸዋ ብቻ ከሆነና ስንጥቁ ልባሱ ውስጥ ካቆመ፣ ብዙ አይጎዳም። ድንጋይ የሚመታው ከሆነ ወይም ስንጥቁ ወደ ታችኛው ብረት ከወረደ ግን አይቀበሉት።

ወደ ክንፉ ከመመለስዎ በፊት በተመሳሳይ ብረት ላይ ሦስት ተደራራቢ መስመሮችን ያልብሱ። አንድ መስመር ብቻውን ያታልላል፤ ፍሬዎቹ ዳግም የሚሞቁት በተደራረበው ቦታ ስለሆነ፣ የሚቆርጡትም እዚያ ላይ ይሁን።