ከዓለም ፍጻሜ በኋላም ቅዳሜ ገበያ አለ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ አንብቤው መብራት ሄደብኝና ሳልመልስ አደርኩ። ለዚህ ርዕስ የሚመጥን ሰበብ ነው መቼም።

ዓለም ካለቀች በኋላ ባለችው ጎንደር ላይ ልብ ወለድ እየጻፍሽ ነው። ሦስት ምዕራፍ ሙሉ ጦርነቱንና ቦንቡን ተረክሽ፤ አራተኛው ላይ ልጅቷ ጀሪካን ይዛ ወደ ቀሃ ወንዝ ስትወርድ ብዕርሽ ደረቀ። "እንዲህ ዓይነት ታሪክ በመጽሐፍም፣ በፊልምም፣ በጌምም አንዳንዱ አንቆ የሚይዘው፣ ሌላው የሚያሰለቸው ለምንድን ነው?" ብለሽ ጠየቅሽ። ከእኔ በፊት የመለሱልሽ "ዞምቢው ነው"፣ "አክሽኑ ነው" ብለዋል። እኔ አይመስለኝም።

ጸሐፊ አይደለሁም። ድሮ ፊልም በፍላሽ እየጫንኩ እሸጥ ነበር፣ ከዚያ ፒያሳ አካባቢ ፕሌይስቴሽን ቤት ሦስት ዓመት ሠራሁ። ስለዚህ የማውቀው ሰው የቱ ጋ እንደሚነቃና የቱ ጋ ስልኩን እንደሚያወጣ ነው።

ቀን ቀን ቤቱ ፊፋ ብቻ ነው። ማታ ልጆቹ ሲበተኑ ግን ከአንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጋር "ዘ ላስት ኦፍ አስ"ን እንጫወት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጌም ነው። ፈንገስ የሰውን አእምሮ እየወረሰ አገር ካፈረሰ ከሃያ ዓመት በኋላ፣ ጆኤል የሚባል ሰውዬ ኤሊ የምትባል ልጅ ይዞ አሜሪካን ያቋርጣል። ሁለት ሆነን የጀመርነውን በሳምንቱ ተመልካቹ በዝቶ ወንበር አልበቃ አለ። ሰዉ ምን ላይ እንደሚጮህ ልብ ብዬ አየሁ። ፈንገስ የበላው ጭራቅ ሲመጣ ጭጭ ነው የሚሉት። የሚጮኹት "መሳቢያውን ክፈተው እንጂ! ቁም ሳጥኑን ሳታይ ልትወጣ ነው?" እያሉ ነው። ምክንያቱም እዚያ ጌም ላይ አልኮልና ጨርቅ ካገኘሽ ቁስል ማከሚያ ትሠሪያለሽ፤ በዚያው አልኮልና በዚያው ጨርቅ ደግሞ የሚወረወር የእሳት ጠርሙስ ትሠሪያለሽ። ለሁለቱም አይበቃሽም። አንድ ማታ ተማሪው ሊሞት ጥቂት ሲቀረው ሕክምናውን ትቶ ጠርሙሱን ሠራና ወረወረ። ልጃቸውን ሊወስዱ መጥተው ከኋላ የቆሙ አንድ አባት "ምነው ልጄ፣ አረቄ እንዲህ ይባክናል?" አሉ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔ ግን እስከ ዛሬ ከዚያ የተሻለ የጌም ሂስ አልሰማሁም።

የሚይዘን እሱ ነው እንግዲህ፤ ምን ጎደለ፣ የተረፈውስ ለምን ዋለ። ዓለም እንዴት አለቀች የሚለው ብዙም አያሳስበንም።

መጽሐፉንም እይው። አሜሪካዊው ኮርማክ ማካርቲ "ዘ ሮድ"ን እ.ኤ.አ. በ2006 አሳትሞ በዓመቱ ፑሊትዘር ተሸለመበት። አባትና ትንሽ ልጁ የገበያ ጋሪ እየገፉ፣ አመድ በለበሰ አገር ወደ ደቡብ ይሄዳሉ። ምን እንዳጠፋው እስከ መጨረሻው አይነግርሽም። ሰዓቶቹ በፈረንጅ 1:17 ላይ ቆሙ፣ ብርሃን ታየ፣ ከሩቅ ጉምጉምታ ተሰማ፤ በቃ። አባትየው ግን ወዲያው ሄዶ የመታጠቢያ ገንዳውን ቧንቧ ይከፍታል። ሚስቱ በዚህ ሰዓት ምን መታጠብ ነው ብላ ትጠይቀዋለች። ሊታጠብ አይደለም። ፈረንጅ አንባቢ እዚህ ጋ ትንሽ ማሰብ ያስፈልገው ይሆናል፤ እኔ ግን የጎንደር ልጅ ነኝ። እናቴ በሌሊት ውሃ ሲመጣ የቧንቧውን ትንፋሽ ሰምታ ነው የምትነሳው። መጀመሪያ ያፏጫል፣ ከዚያ ይተፋል፣ ከዚያ ቡናማ ውሃ ይወርዳል። እሱን ለሽንት ቤት በባልዲ ትይዘዋለች። ሲጠራ በርሜሉ፣ ቀጥሎ ጀሪካኖቹ፣ በመጨረሻ ድስቱና ማንቆርቆሪያው ሳይቀር ይሞላል። ያቺን ገጽ ሳነብ ሰውዬው እናቴን የሚያውቃት ነው የመሰለኝ። ያንቺ ሦስት ምዕራፍ ቦንብ (አትቀየሚኝ) እንዲህ አላደረገኝም።

ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ከዓለምሽ ንጠቂና ዱካውን ተከተይ። ለዚህ ደግሞ ከራሳችን ታሪክ የሚበልጥ አስተማሪ የለሽም። በ1880 ዓ.ም. የሱዳኑ ድርቡሽ ጎንደርን አቃጠላት። ደብረ ብርሃን ሥላሴን ንብ ጠበቃት ይባላል፤ ከሌሎቹ አብያተ ክርስቲያናት ግን አብዛኞቹ ነደዱ። በዚያው ሰሞን በምጽዋ በኩል በገባ ከብት አንድ በሽታ አገሩን አዳረሰ። "ደስታ" ነው ስሙ፣ የከብት በሽታው። ለልብ ወለድ ብትፈጥሪው አንባቢ አያምንሽም ነበር። ከብቱ አለቀ። በሬ ከሌለ ሞፈርና ቀንበር እንጨት ብቻ ናቸው፤ አይታረስም። ዝናቡም ከዳ፣ አንበጣውም መጣ። ለዘር የተቀመጠው እህል ተበላ፤ ዘሩን የበላ ገበሬ ደግሞ ለከርሞ የሚበትነው የለውም። ሰው መሬቱን በእጁ ይቆፍር ጀመር፤ አፄ ምኒልክም ለአርአያ ዶማ ይዘው ቆፍረዋል ይባላል። እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀውን ያንን ዘመን አያቶቻችን "ክፉ ቀን" ብለው ብቻ ነው የሚጠሩት። ከበሬ ተነስተሽ መንግሥት ድረስ ትሄጃለሽ፤ መሀል ላይ አንድም ጭራቅ አያስፈልግሽም።

ከተማዋ እንደዚያ ሆና ግን ሰው በፍርስራሹ መሀል ኖሯል፣ ተጋብቷል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ወጥቷል። አሁንም ፋሲል ግቢ ጣሪያው በፈረሰ ግንብ ሥር ነው ሙሽሮች ፎቶ የሚነሱት። እኛ ይሄን ሳንገረምበት ስላደግን ይመስለኛል፣ "ጥፋቱ" ላይ ብዙ ገጽ የሚያጠፋ ደራሲ ቶሎ የሚሰለቸን።

ስለ ፊልምና ጌም ልዩነት ጠይቀሽ ነበር። ከዚያው ጌም እ.ኤ.አ. በ2023 ተከታታይ ፊልም ተሠርቷል፤ አንድ ትዕይንት በሁለቱም አለ። ጆኤልና ኤሊ በፈረሰ ከተማ መሀል ቀጭኔ ያገኛሉ። ጌሙ ላይ እስከፈለግሽ ድረስ ቆመሽ ማየት ትችያለሽ፤ ካልሄድሽ አይቀጥልም። እኔ ቤት በሰዓት የሚከፍል ልጅ፣ ኪሱ ውስጥ ሳንቲም የሚቆጥር ልጅ፣ ምንም ሳይነካ ደቂቃዎች ቆሞ አየ። "ሂሳብህ እየሄደ ነው" አልኩት። "ይሂድ" አለኝ። ፊልሙ ላይ መቼ እንደምትሄጂ የሚወስነው ካሜራው ነው፤ በምትኩ ግን ጆኤል ቀጭኔዋን ትቶ ልጅቷን ሲያይ ፊቱን ይሰጥሻል። መጽሐፍ ሁለቱንም አይችልም። መጽሐፍ የሚችለው መደበቅ ነው፤ "ዘ ሮድ" ዓለምን ያጠፋውን እንደደበቀሽ።

የእኛውን ፊልም ያነሳ ሰው አለመኖሩ ግን ገርሞኛል። "ክራምብስ" እ.ኤ.አ. በ2015 እዚሁ አገር፣ በአማርኛ፣ ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ የሠሩበት ነው፤ ዳይሬክተሩ ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ ነው። ስሙ ፍርፋሪ ማለት ነው፤ የሚያወራውም ስለ ፍርፋሪ ነው። የልጆች ፕላስቲክ አሻንጉሊት እንደ ጥንት ቅርስ በክብር ይገመታል፣ የማይክል ጆርዳን ምስል ይጸለይበታል። ታሪኩ መሀል ላይ ይጎተታል፣ አልዋሽሽም፤ እኔም አንድ ጊዜ አንቀላፍቻለሁ። አሻንጉሊቶቹ የሚገመቱበት ሱቅ ግን እስካሁን ከዓይኔ አይጠፋም። ሰው ዕቃውን አስታውሶ ጥቅሙን ሲረሳ ዘመን እንዳለፈ ማንም ሳይነግርሽ ታውቂያለሽ።

"ፎልአውት" የሚባለውም ጌም (የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው የወጣው) ገንዘቡ ቆርኪ ነው። አዎ፣ እኛ ሰፈር መሬት ላይ ደርድረን የምንቆማመርበት ቆርኪ። ለፈረንጁ ቀልድ ሊመስለው ይችላል፤ አሞሌ ጨው ገንዘብ ሆኖ ለኖረበት አገር ልጅ ግን ተራ ነገር ነው። በመጀመሪያው ጌም ቆርኪው ዋጋ ያገኘው የውሃ ነጋዴዎች ስለቆሙለት ነው፤ እንደገና ውሃ። "ሜትሮ 2033" የሚባለው ጌም ላይ ደግሞ ጥሩው ጥይት ራሱ ገንዘብ ነው፤ በተኮስሽ ቁጥር ኪስሽ ይጎድላል።

የሚያበላሸውን ባጭሩ፦ ከአሥር ዓመት ጥፋት በኋላ ነጭ ጥርስና የተተኮሰ ፀጉር፣ ዝንተ ዓለም የማይበላሽ ቤንዚን፣ ሁሉን የሚያብራራ አሮጊት ሳይንቲስት።

አንድ የምጣላበት ነገር ግን አለ። የውጮቹ አብዛኛው ታሪክ ጎረቤት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውሬ ነው ብሎ ይነሳል። ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ላይ እኛ ጋ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ እኔ የፍላሽ ሥራን ከተውኩ ቆይቼ ነበር። በሳምንቱ ሰው በሬን ማንኳኳት ጀመረ። አቧራ የበላውን ሃርድ ዲስክ አወጣሁ። ጎረቤት ጄኔሬተር ነበረው፣ እኔ ፊልም ነበረኝ፣ ማዶ ያለችው ሴትዮ ቡና ነበራት፤ እንዲያ እያልን የሰፈር ሲኒማ ሆንን። ማንም ማንንም አልበላም። በእርግጥ ወራት ነው እንጂ ዓመታት አይደለም፣ እህልም አልጠፋም። በክፉ ቀን ራሱንና ልጁን ለባርነት የሸጠ ሰው ነበር፤ ያንን መደበቅም ውሸት ነው። ግን እድሩ መቼ እንደሚፈርስ አሳዪኝ። ለቀስተኛው ሲበዛ ድንኳኑን ማን ቀድሞ ይወስደዋል? ቀብር ያልመጣውስ እንደ ድሮው ይቀጣል? ይሄን የሚጽፍልን ፈረንጅ የለም፤ አንቺ ነሽ ያለሽው።

ትንቢትንም አትርሺ። እኛ "ስምንተኛው ሺህ" እያልን ያደግን ሰዎች ነን። ካሣ ኃይሉም በ1847 ዓ.ም. ሲነግሡ "ቴዎድሮስ" የሚለውን ስም የመረጡት ዝም ብለው አይደለም፤ ከመከራው በኋላ ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ ይመጣል የሚለው የፍካሬ ኢየሱስ ቃል ሕዝቡ አፍ ላይ ነበር። ያንቺም ከተማ ውስጥ አንዱ ተነስቶ ስሙን መቀየሩ አይቀርም።

ሦስቱን ምዕራፍ አትጣያቸው፣ ለራስሽ አስቀምጫቸው፤ አንቺ ማወቅ አለብሽ፣ አንባቢው ግን አያስፈልገውም። ከቀሃ ጀምሪ። ልጅቷ ስትወርድ ጀሪካኑ ባዶ ነው፤ እሱ ቀላል ነው። ስትመለስስ? ባለ ሃያ ሊትር ከሆነ ሃያ ኪሎ ነው፣ ዳገቱንም ታውቂዋለሽ። ስንት ቦታ ታሳርፈዋለች? ክዳኑስ አለ ወይስ በፌስታል ነው የታሰረው? በፌስታል ከሆነ ፌስታሉን ከየት አገኘችው?

እሱን ጽፈሽ ላኪልኝ፣ አነበዋለሁ። መብራት ካለ።