ባለቤቴ ጀርመን ነው፤ በቱሪስት ቪዛ ሄጄ ወረቀቱን እዛው ልጨርስ?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂያችን ገርጂ ነው የምትኖረው። ባለቤቷ ፍራንክፈርት ይሠራል፣ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ አለው፣ አንድ ክፍል ተከራይቶ ነው የሚኖረው። ጥር 18 ቀን 2017 በቤተ ክርስቲያን ተጋቡ። የወረዳውን የጋብቻ ምስክር ወረቀት ግን ያወጡት ሚያዝያ ላይ ነው፤ የቪዛ ቅጹን የሞላላቸው ሰው ደግሞ የጋብቻ ቀን ብሎ የጻፈው የሚያዝያውን ነው። «ባለቤቴ በቱሪስት ቪዛ ነይና እዚህ እንጨርሰዋለን ይለኛል። የጀርመንኛው ፈተና አስጠልቶኛል። የጓደኛው ሚስት ያለ ፈተና ገብታለች፣ እኔስ ለምን? ከሄድኩስ መሥራት እችላለሁ?» ትላለች።

እህቴ፣ ቀጥታ ልንገርሽ። የቱሪስት ቪዛውን ነገር ዛሬውኑ ተዉት። የጀርመን ሕግ ለመኖር የሚመጣ ሰው ከአገሩ ሳይነሳ ለዚያው ዓላማ የተሰጠ ቪዛ እንዲይዝ ይፈልጋል። ጀርመን ከገቡ በኋላ ያገቡ አንዳንድ ሰዎች እዛው ሆነው ፈቃድ የሚያገኙበት መንገድ አለ፣ ባለቤትሽም የሰማው ይህንኑ ሳይሆን አይቀርም። እናንተ ግን ተጋብታችሁ ጨርሳችኋል። የውጭ ዜጎች ቢሮው «ተመለሺና ከአዲስ አበባ አመልክቺ» ቢልሽ የምትከራከሪበት ብዙ ነገር የለም።

ይህም ቪዛው ከተሰጠሽ ነው። ቅጹ ላይ ባል ፍራንክፈርት እንዳለሽ ከጻፍሽ «ይቺማ አትመለስም» ብለው የመከልከላቸው ዕድል ሰፊ ነው። ከደበቅሽ ደግሞ የባሰ ነው፤ የሸንገን፣ ማለትም ጀርመንን ጨምሮ ለብዙ የአውሮፓ አገሮች በጋራ የሚያገለግለው የአጭር ጊዜ ቪዛ፣ ማመልከቻ ከነአሻራው ለ5 ዓመት መዝገብ ላይ ይቆያል፣ ነገ የትዳር ቪዛ ስትጠይቂ ያው ፋይል ይከፈትና ያኔ ያላገባሁ ነኝ ብለሽ እንደነበር ያነቡልሻል።

ወደ ፈተናው ልምጣ። የጓደኛው ሚስት ለምን እንደቀረላት ፋይሏን ሳላይ አልናገርም፤ ግን ኤ1 የሚባለውን የመጀመሪያ ደረጃ የጀርመንኛ ፈተና የማይጠየቁ ሰዎች አሉ። ባል ብሉ ካርድ የሚባለውን የባለሙያ ፈቃድ ከያዘ፣ ወይም ስደተኝነቱ ተቀባይነት አግኝቶ ትዳሩ ጀርመን ከመግባቱ በፊት የነበረ ከሆነ፣ ወይም የጣሊያን ወይም የስዊድን ፓስፖርት ይዞ ጀርመን የሚኖር ከሆነ ሚስቱ አትፈተንም። በሕመም ምክንያት መማር የማትችልም እንዲሁ። የሚገርመው፣ ባል የጀርመን ዜጋ ቢሆን ሚስት ትፈተናለች፣ ጣሊያናዊ ቢሆን አትፈተንም። ፍትሐዊ ነው ወይ ብትይኝ እኔም አይመስለኝም፤ ሕጉ ግን ይኸው ነው። አንቺ ከጻፍሽልኝ ውስጥ ከነዚህ አንዱም የለም።

ስለዚህ መማር ነው። ማዳመጥ፣ ማንበብ፣ መጻፍና መናገር አለው፣ ከ100 60 ያመጣ ያልፋል። ጽሑፉ ያን ያህል አያስፈራም፤ አንድ ቅጽ መሙላትና 30 ቃል ገደማ የምትሆን መልእክት መጻፍ ነው። መናገሩ ላይ ራስሽን ታስተዋውቂያለሽ፣ ከዚያ ስምሽን ፊደል በፊደል፣ ቀጥሎም እንደ ስልክ ያለ ቁጥር እንድትጠሪ ትጠየቂያለሽ። ብዙ ሰው የሚደናገጠው እዚህ ጋ ነው። እንግሊዝኛው «ደብልዩ» የሚለው ፊደል በጀርመንኛ «ቬ» ነው፣ «ጄ» ደግሞ «ዮት»፤ 21ንም «አንድና ሃያ» ብለው ነው የሚጠሩት። ይሄን ወጥ እያማሰልሽም መለማመድ ይቻላል። ፈተናውን አዲስ አበባ ጎተ ኢንስቲትዩት ይሰጣል። ሰርተፍኬት አወጣልሻለሁ የሚል ደላላ ከመጣ ስልኩን ዝጊው፤ ኤምባሲ ቀርበሽ በጀርመንኛ ሁለት ቀላል ጥያቄ ብትጠየቂ ጉዱ ይወጣል።

እኔን ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ግን ቀኑ ነው። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ማለትም በአዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በሃይማኖት ሥርዓት የተፈጸመ ጋብቻ ራሱን የቻለ ጋብቻ ነው። ወረዳው ያንኑ መዘገበ እንጂ እንደገና አላጋባችሁም። ስለዚህ የጋብቻችሁ ቀን ጥር 18 ነው፣ በፈረንጅ ጃንዋሪ 26 ቀን 2025። ሚያዝያ የተመዘገበበት ነው። ቅጹን አስተካክሉ፤ ምስክር ወረቀቱ ራሱ ሁለቱን ቀን አደባልቆ ከሆነም ከማመልከታችሁ በፊት ወረዳ ሄዳችሁ አሳርሙ።

ነገሩን አካበድኩት እንዳትይኝ። የጀርመን ኤምባሲ የእኛን አገር ሰነድ ማኅተም አይቶ ብቻ አይቀበልም። የሚያጣራ ጠበቃ ይመድባል፣ ወጪው በአንቺ ነው። ያ ጠበቃ ወረዳ ሄዶ መዝገብ ያገላብጣል፣ ጎረቤትና ዘመድም ሊጠይቅ ይችላል። እናትሽ ሠርጉ ከጥምቀት በኋላ ነበር ትለዋለች፣ ወረቀቱ ደግሞ ከፋሲካ ሰሞን ይላል። እውነተኛ ትዳር በእንዲህ ዓይነት ነገር ወራት ሲጓተት አይቻለሁ።

ባለቤትሽም ሥራ አለው። ፋይሉ ወደ ፍራንክፈርት የውጭ ዜጎች ቢሮ ይላካል፣ የእነሱ ይሁንታ ሳይመጣ ኤምባሲው አይወስንም። ደመወዙ ለሁለት ይበቃል ወይ፣ ቤቱስ ይበቃል ወይ ብለው ያያሉ። ሙሉ አፓርታማ የግድ አይደለም፤ ኩሽናና መታጠቢያ መጠቀም ከተቻለ ለአንድ አዋቂ 12 ካሬ ገደማ ነው የሚታሰበው። የተከራየው የ14 ካሬ ክፍል ከሆነ ከአሁኑ ቤት መፈለግ ይጀምር፣ ፍራንክፈርት ላይ ቤት ማግኘት ከቪዛው አይቀልም።

ምናልባት ከከለከሉሽ፣ ድሮ ለኤምባሲው በነፃ ይጻፍ የነበረው የቅሬታ ደብዳቤ ከጁላይ 2025 ጀምሮ ቀርቷል። አሁን ያለው አማራጭ እንደገና ማመልከት፣ ወይም በ1 ወር ውስጥ በርሊን ላለው የአስተዳደር ፍርድ ቤት ክስ ማቅረብ ነው። የክልከላው ደብዳቤ የደረሰሽን ቀን ያዢ።

ሥራን በተመለከተ፣ አዎ ትችያለሽ፤ የትዳር ፈቃዱ ሥራን ስለሚጨምር ሌላ የሥራ ፈቃድ አትጠየቂም። መጀመሪያ ላይ ግን ፈቃድሽ በትዳሩ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ጀርመን ውስጥ 3 ዓመት አብራችሁ ከኖራችሁ በኋላ ብትለያዩም በራስሽ የመቆየት መብት ይኖርሻል። ድብደባ ካለ ደግሞ ሕጉ 3 ዓመቱን ጠብቂ አይልም። ባለቤትሽን ጠርጥሬው አይደለም። «ወደ አገርሽ አስመልስሻለሁ» እየተባሉ ዝም ብለው የኖሩ ሴቶች ስለማውቅ ነው የምነግርሽ፤ ማንን አገር ውስጥ እንደሚያቆይና ማንን እንደሚመልስ የሚወስነው ቢሮው ነው፣ ባል አይደለም።